ለአሮጌ ቸርኬ አዲስ ቀለም

አቅራቢ 1፦ ቸርኬው ስለዛገ ብቻ አዲስ ሊገዛ ኪሱን የሚያራቁት አሽከርካሪ ብዙ ነው። የድሮዋ ዲኤክስ መኪና የብረት ቸርኬ ግን ካልተሰነጠቀና ካልተጣመመ በትንሽ ወጪ ይታደሳል።

አቅራቢ 2፦ ይታደሳል፤ ችግሩ ሰው ለቀለሙ መቸኮሉ ነው። ዋናው ሥራ ከቀለም በፊት ያለው ነው። ጭቃና ግራሶውን በሳሙና አጥቦ ማድረቅ፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ መፋቅ፣ ከዚያ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምሮ በ320 ማለስለስ።

አቅራቢ 1፦ ጎማውን ለማስወለቅ አቅም የሌለውስ?

አቅራቢ 2፦ ንፋሱን አስተንፍሶ፣ በጎማውና በቸርኬው ጠርዝ መሃል ያገለገሉ የሞባይል ካርዶችን ዙሪያውን ይሰካ። ከዚያ አንቲረስት፣ ቀጥሎ ቀለም፤ ስስ ስስ እያደረገ፣ እያደረቀ ይደራርብ።

አቅራቢ 1፦ እኔን የሚያሳስበኝ ዳዶው የሚያርፍበት ቦታና ቸርኬው ከፍሬን ታምቡሩ ጋር የሚገጥምበት ፊት ነው። እዚያ ላይ ወፍራም ቀለም ካረፈ፣ ተጨፍልቆ ሲሳሳ ዳዶው ይላላል። ይህ ከውበት አልፎ የሕይወት ጉዳይ ነው።

አቅራቢ 2፦ ልክ ነህ። እነዚያን ቦታዎች በፕላስተር መሸፈን፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላም ዳዶውን መልሶ ማጥበቅ ያስፈልጋል። የተሰነጠቀውን ግን በቀለም ሸፍነን አንንዳ፤ እሱ መለወጥ አለበት።