የመርከብ ኪራይ ቁጥር የማን ቁጥር ነው?



የባሕር ማጓጓዣ ዋጋ ወጣ፣ ወረደ ሲባል ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሳው የባልቲክ ደረቅ ጭነት ኢንዴክስ ነው። በየሥራ ቀኑ የሚያወጣው የለንደኑ ባልቲክ ኤክስቼንጅ ነው። ቁጥሩ ከማሽን የሚፈልቅ ይመስላል፤ ምንጩ ግን ሰው ነው። የመርከብ ደላሎች «ይህን ያህል ቶን የሚጭን መርከብ፣ ከዚህ ወደብ እስከዚያኛው፣ ዛሬ በስንት ይከራያል?» ተብለው ይጠየቃሉ፤ ከሰጡት ግምት አማካዩ ይወሰዳል። ተቋሙ ራሱ የበቀለው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነጋዴና የመርከብ አዛዥ ይገናኙበት ከነበረ ቡና ቤት ነው። ቡና ቤት ተቀምጦ ወሬ መልቀም ሥራ ፈትነት ነው ለሚሉን የምንመልሰው አገኘን ማለት ነው።

ይህ ኢንዴክስ እ.ኤ.አ. በሜይ 2008 ከ11,700 ነጥብ በላይ ወጥቶ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ከ700 በታች ወረደ። ባንኮች እርስ በርስ መተማመን አቅቷቸው ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና) መክፈት ሲከብድ፣ ጭነቱም አብሮ ቆመ። በፌብሩዋሪ 2016 ግን 290 ነጥብ ሲደርስ ምክንያቱ ሌላ ነበር። ንግዱ ቢቀዘቅዝም አልሞተም፤ በደጉ ጊዜ የታዘዙ መርከቦች ተሠርተው ገበያውን አጥለቅልቀውት ነበር። መርከብ ዛሬ ቢታዘዝ የሚደርሰው ከዓመታት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ገበያው አይጠብቅም። ስለዚህ ኢንዴክሱ ወረደ ማለት የግድ ጭነት ጠፋ ማለት አይደለም።

ኮንቴይነር የራሱ መለኪያ አለው። ድሩሪ የተባለው ድርጅት በየሳምንቱ የሚያወጣው አማካይ፣ ከኮቪድ በፊት ለባለ 40 ጫማ 1,500 ዶላር ገደማ የነበረው፣ በሴፕቴምበር 2021 ከ10,000 ዶላር አልፎ ነበር። የተሰላው በስምንት መስመሮች ነው፦ ሻንጋይን፣ ሮተርዳምን፣ ጄኖዋን፣ ሎስ አንጀለስንና ኒው ዮርክን በሚያገናኙ መስመሮች። ከአፍሪካ አንድም ወደብ የለበትም። የመርካቶ አስመጪ ግን ይህንኑ ቁጥር በዜና ሰምቶ ዋጋ ይተምናል።

ለምሳሌ የቀይ ባሕሩን ችግር እንይ። ከ2023 ማብቂያ ጀምሮ የየመኖቹ ሁቲዎች በመርከቦች ላይ የሚያደርሱት ጥቃት ሲበረታ ከእስያ ወደ አውሮፓ የሚሄዱ መርከቦች በደቡብ አፍሪካ በኩል መዞር ጀመሩ፤ ጉዞው ከአሥር ቀን በላይ ረዘመ፤ ኪራዩም ተወደደ። ከቻይና ጅቡቲ የሚመጣ መርከብ ግን በኤደን ባሕረ ሰላጤ ይገባል እንጂ ባብ ኤል መንደብን መሻገር አያስፈልገውም። ለእሱ የሚብሰው የጦርነት ሥጋት መድን ክፍያ ነው፤ መስመሩን ትቶ የሚሄድ መርከብም ለቀሪው ጭነት ቦታ ያጣብባል። ሕመሙ የጋራ ሆኖ መንገዱ ይለያያል።

ማዳበሪያችን ደግሞ በአብዛኛው የሚመጣው በብትን ጭነት መርከብ ነው። በባልቲኩ ኢንዴክስ ውስጥ 40 በመቶ ክብደት የተሰጠው የብረት ማዕድንና የድንጋይ ከሰል ለሚያጓጉዙት ግዙፎቹ ኬፕሳይዞች ነው። ማዳበሪያ ገዢ ጠቅላላውን አልፎ መካከለኞቹን፣ ሱፕራማክስ የሚባሉትን፣ ለብቻ ቢመለከት ይሻለዋል።

የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው፤ አስመጪዎችና ትራንዚተሮች ወደ ጅቡቲ የሚሰጣቸውን ዋጋ በየሳምንቱ በአንድ መዝገብ ያስፍሩ። የኮንቴይነሩ መጠን፣ የተጫነበት ወደብና ዋጋው የጸናበት ቀን ይጻፍ። የነዳጅ ጭማሪው በዋጋው ውስጥ ይኑር አይኑርም መለየት አለበት፤ ይህ ካልታወቀ ሁለት ዋጋ ጎን ለጎን ቢቀመጥም አይነጻጸርም።