ከአንድ ድስት ለሁለት ሳህን፦ የደጋ ቤት ምግብና አዲሱ ቡችላ

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የንግግሬ ርእስ ሲነበብ ፈገግ ያላችሁ ጥቂት አይደላችሁም፤ ከዚህ ሆኜ አይቻለሁ። «ይህን ሁሉ መንገድ ከደባርቅ የመጣው ስለ ቅንጬና ስለ ቡችላ ሊነግረን ነው?» ያለም አይጠፋም። አዎ፣ ለዚያው ነው የመጣሁት። ትንሽ ታገሡኝ እንጂ፣ ከማድ ቤታችን ወጥቶ ቡችላው ሳህን ውስጥ የሚገባው ነገር የልጆቻችንን ጤና፣ የጎረቤትን ጤና፣ አልፎም ስሜን ተራራ ላይ ያለውን የቀይ ቀበሮ ዕድል እንደሚነካ ሳላሳያችሁ ከዚህ መድረክ አልወርድም።

ነገሩ ለዚህ ቤት እንግዳ አይደለም። ይህ ትምህርት ቤት በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ ሲከፈት ያሠለጥን የነበረው ጤና መኮንን፣ የኮሚዩኒቲ ነርስና ሳኒተሪያን ነበር። ሦስቱም በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይወርዱ ነበር። ሳኒተሪያኑ አንድ ቤት ሲደርስ መጀመሪያ የሚያየው ጓሮውን ነው። ውሃው ከየት ይቀዳል? ሽንት ቤቱ የት ነው? ጥራጊው የት ይደፋል? «ውሻውስ ምን ይበላል?» የሚለው ጥያቄ ከእነዚህ ጋር የሚሄድ ነው። እኔም ዛሬ የማነሣው እሱን ነው።

በዳባትና በደባርቅ ገጠር ውሻ የቤቱ ዘበኛ ነው። ደጅ ያድራል፣ ከእረኛ ጋር ይወጣል፣ የተረፈውን ይበላል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ተረቱን ለሰው ስንጠቅሰው እንኖራለን እንጂ ውሻው ራሱ ምን እንደበላ ብዙም አንጠይቅም። አሁን ደግሞ በከተማው ሌላ ዓይነት ቤት እየበዛ ነው። ጡረታ የወጣ መምህር፣ ልጆቿ ርቀው የሄዱባት እናት፣ ብቻውን የሚኖር ወጣት ሠራተኛ ለጓደኝነት ብለው ቡችላ ይይዛሉ። እነዚህ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሌላም ነገር ያመሳስላቸዋል፤ ሐኪም «ጨውና ዘይት ቀንስ፣ እህል አብዛ፣ እግርህን አንቀሳቅስ» ብሏቸዋል። ለአንድ ሰው ብሎ ምድጃ ማንደድ ግን ይሰለቻል፤ ስለዚህ ወይ ሆቴል ይበላሉ ወይ ዳቦ በሻይ ብለው ያድራሉ።

ቡችላ ይህን ልማድ ይሰብረዋል። እስከ ስድስት ወር ዕድሜው ድረስ በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ መብላት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ይበቃዋል። ቤት የሚጠብቅ አፍ ያለው ሰው በምሳ ሰዓት ቤቱ ይገባል፣ ድስት ይጥዳል፣ ማታም ወጣ ብሎ ይራመዳል። እኔ የማቀርብላችሁ ሐሳብ አጭር ነው፤ አንድ ድስት ጣዱ፣ ሁለት ሳህን ሙሉበት።

ስለ ድስቱ ልናገር፤ ደጋ ላይ ማብሰል የራሱ ሕግ አለው። ከባሕር ጠለል ከፍ ባልን ቁጥር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። እዚህ ጎንደር ወደ 93፣ ደባርቅ ላይ ደግሞ ወደ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይንተከተካል። ከዚያ በላይ እንጨት ብትጨምሩበት እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ውሃው አይሞቅም። ባቄላው «አልበስል አለኝ» የምትል የደባርቅ ሴት ባቄላውን መርገም የለባትም፤ የከፍታው ነገር ነው። ሊማሊሞን ቁልቁል ወርዳችሁ ድብ ባሕር ስትደርሱ ያው ባቄላ ፈጥኖ ይበስላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጥራጥሬውን ከማታ ጀምሮ መዘፍዘፍ፣ የተዘፈዘፈበትን ውሃ መድፋት፣ ድስቱን መክደን። ፕሬዠር ኩከር ያለው ደግሞ እንጨትም ጊዜም ይቆጥባል።

አሁን እኔ ቤት በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ የሚጣደውን ልንገራችሁ። ሁለት ብርጭቆ የገብስ ቅንጬ ታጥቦ በአምስት ብርጭቆ ውሃ ይጣዳል፤ ውሃው ካነሰው ይጨመርበታል። ሲጋመስ ሁለት ድንችና ሁለት ካሮት ተከትፈው ይገባሉ። አንድ ጭብጥ ጎመን መጨረሻ ላይ ይጨመራል። ጨው የለም፣ ሽንኩርት የለም፣ በርበሬ የለም፤ ገና ነው። ሁሉም ሲለሰልስ የቡችላው ድርሻ በቅድሚያ ይወጣና ይቀዘቅዛል። የተቀቀለ እንቁላል ወይም በደንብ የበሰለ ሥጋ ተከትፎ ይጨመርለታል፤ ገብስና ድንች ብቻውን የሚያድግ እንስሳ አያሳድግምና። ከዚያ ወደ ራሳችን እንመለሳለን። በሌላ መጥበሻ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እርድና ቲማቲም ቁሌት ይሆንና ድስቱ ላይ ይገለበጣል። ቃሪያ የወደደ ቃሪያ፣ ጨው ለቅምሻ ያህል። ምሳ ደረሰ።

በተዘፈዘፈ ምስርም ሆነ በአተር ክክ እንዲሁ ይሠራል። ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው። የእኛ ወጥ ሽንኩርት በማቁላላት ይጀምራል፤ በዚህ መንገድ ግን ቁሌቱ መጨረሻ ይመጣል። «ጣዕሙ ይቀንሳል» የሚል ካለ እውነቱን ነው፣ ትንሽ ይቀንሳል። ነገር ግን ዘይቱም ጨውም ከቅምሻ በኋላ ስለሚገባ መጠኑን ሰውየው ያውቀዋል። ግፊትና ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጾም ሲገባ የእኛ ድስት እንደዚያው ይቀጥላል፤ ጥራጥሬና ጎመን ድሮም የጾም ምግባችን ነው። ቡችላው ግን ጾም የለበትም፤ እንቁላሉ በሌላ ዕቃ ይቀቀልለት።

ሽንኩርቱን ለምን እንዲህ ፈራሁት? ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል። ጥሬም ይሁን የበሰለ ልዩነት የለውም። ስለዚህ የወጥ ትራፊ ለእኛ የተረፈ ምግብ ነው እንጂ ለውሻ ምግብ አይደለም። ቡችላው ኃይለኛ ይሁን ብለው በርበሬና ሚጥሚጣ የሚያበሉም አሉ፤ የሚያተርፉት የተቃጠለ ሆድ ነው። ያልተጋገረ ሊጥ ሆድ ውስጥ እየኮመጠጠና እየነፋ ስለሚሄድ አደገኛ ነው። የጠላ አተላም አልኮል ስላለበት ለቡችላ አይሰጥም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። ቸኮላትም መርዙ ነው። ንጹሕ እንጀራ ግን፣ ወጥ ያልነካው፣ ምንም አይልም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። በበዓል ቀን ግቢያችን ውስጥ በግ ይታረዳል። ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይታያል። ባለቤቱ «ይህስ ለሰው አይሆንም» ይልና ደጅ ለሚጠብቀው ውሻ ይወረውርለታል። አስተዋይ ሰው ያደረገው ይመስላል። ነገር ግን ያ ከረጢት ኤኪኖኮከስ የሚባለው የኮሶ ትል ዘር ነው። ጥሬውን የበላ ውሻ ሆድ ውስጥ ትሉ ያድጋል፣ እንቁላሉም በዓይነ ምድሩ ይወጣል። ያ እንቁላል በውሻው ፀጉር፣ በአፈር፣ በጎመን ቅጠል፣ በውሃ አድርጎ ወደ ሕፃኑ አፍ ይደርሳል። ከዓመታት በኋላ ያው ዓይነት ከረጢት በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ይገኛል፤ ማውጫውም ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው። እዚህ የተቀመጣችሁ ቀዶ ሐኪሞች ታውቁታላችሁ። ውሻው በዚህ ትል ብዙ ጊዜ የሚታይ ሕመም አይታመምም፤ ተንኮሉም እዚያ ላይ ነው።

ይህን ሰንሰለት የሚበጥሰው ማድ ቤት ነው። ከረጢት የታየበት ሳንባና ጉበት ውሻና ጅብ በማይቆፍሩት ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። ጤነኛ የሚመስለውም ለውሻ ከመሰጠቱ በፊት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀቀላል። ለቡችላው ደግሞ የእንስሳት ሐኪም የሚያዝዘውን የትል መድኃኒት በጊዜው መስጠት፣ ከዳበሱት በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ጎመኑን በብዙ ውሃ ማጠብ። ከዚህ የሚረክስ ወጪ የለም።

ምግቡን ስናስተካክል አንድ ነገር ብቻ ከድስት አይገኝም፤ እሱም ክትባት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው በእብድ ውሻ በሽታ ይሞታል። የሰው ልጅ በሽታውን የሚይዘው እስከ 99 በመቶ ድረስ ከውሻ ነው። ከሚሞቱት ከመቶ 40 ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምክንያቱም ልጅ ነው ከቡችላ ጋር የሚጫወተው፤ ልጅ ነው ተነክሶ ቁጣ ፈርቶ የሚደብቀው። ምልክቱ አንዴ ከጀመረ ማዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ከመጀመሩ በፊት ግን ሙሉ በሙሉ ይከላከሉታል።

ስለዚህ ቤት ላላችሁ ሁሉ፦ ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ይከተብ፣ በየዓመቱም ይደገም። ለልጆቻችሁ «ከነከሰሽ፣ ከቧጨረህ ንገሩኝ፤ አልቆጣም» በሏቸው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጠበል መሄድ የፈለገ ይሂድ፣ ማንም አይከለክለውም፤ ግን ከታጠበና ክትባቱን ከጀመረ በኋላ ይሁን። ሁለቱ አይጣሉም።

አሁን ደግሞ ከግቢያችን ወደ ተራራው ልውሰዳችሁ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። ከዋልያና ከጭላዳ ጋር ቀይ ቀበሮ ይኖርበታል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጪ በየትም የለም፤ በአገሪቱ ያሉት ለአካለ መጠን የደረሱት ተደምረው 500 አይሞሉም። ይህ ጥቂት ዘር እንዳያልቅ ከሚያሰጉት ነገሮች ዋነኛው ከእረኛ ጋር የሚወጣው የመንደር ውሻ የሚያመጣበት በሽታ ነው። ባሌ ላይ በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 እ.ኤ.አ. የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ቀበሮዎቹን በብዛት ፈጅቷቸዋል። በኋላም ሌላው የውሻ በሽታ፣ ዲስቴምፐር፣ ጨምሮባቸዋል። ስለዚህ ደባርቅ ላይ የተከተበ ቡችላ ሳንቃበርን ተሻግሮ ያለን አውሬ ጭምር ይጠብቃል።

ጠግቦ የሚያድር ውሻም የተለየ ነው። ቤቱ የሚበላ ውሻ ለጥንብ ብዙም አይንከራተትም፤ ሌላ መንደር መዞሩም ከማይታወቅ ውሻ ጋር መናከሱም ሊቀንስ ይችላል። ክትባቱና ሳህኑ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

መምህሮቻችንን አንድ ነገር ልለምን። ዩኒቨርሲቲው ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዳባት ላይ ቤት ለቤት የሰዎችን ልደትና ሞት የሚመዘግብ የምርምር ማዕከል አለው። የእንስሳት ሕክምናና የጤና ሳይንስ ትምህርት ክፍሎችም በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር ናቸው። እነዚህ በር ለበር የሚሄዱ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ቢጠይቁ ምን ይከብዳል? «ውሻችሁ ተከትቧል? ምንስ ይበላል?» ከከተማው ውሾች ከመቶ 70 ያህሉ ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት እንደሚበጠስ እናንተው ናችሁ ያስተማራችሁን።

ለቀድሞ ተማሪዎች ደግሞ የማቀርበው ልመና ያንሳል። መስከረም 18 የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ነው፤ መስቀል ባለፈ በማግስቱ። ብዙዎቻችሁ ለመስቀል አገር ቤት ትገባላችሁ። የበጉ ሳንባ ወደ ውሻ ሲወረወር ካያችሁ እጁን ያዙት። ሌላው ቀርቶ አንድ ቤተሰብ ቡችላውን ይዞ ወደ እንስሳት ክሊኒክ እንዲሄድ አብራችሁ ተራመዱ። ስትመለሱም ቅንጬ ጣዱ፤ ሽንኩርቱን ቆይታችሁ ጨምሩት።