አንድ መረብ፣ ብዙ ቅኝት፦ የሸርጣን ጨጓራ ነርቮች ምን ያስተምሩናል?



ሸርጣንና የቅርብ ዘመዱ ሎብስተር ምግባቸውን የሚያደቅቁት በጨጓራቸው ውስጥ ባሉ ሦስት ጥርሶች ነው። ጥርሶቹን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች የሚታዘዙት ስቶማቶጋስትሪክ ጋንግሊዮን ከሚባል የነርቭ ቋጠሮ ነው። በዚህ ቋጠሮ ውስጥ ያሉት ነርቭ ሴሎች ከ30 እምብዛም አይበልጡም። ዛሬ ስለዚህች ትንሽ ቋጠሮ የምናገረው አንድ ትልቅ ጥያቄ ለማንሳት ነው፦ የአንድን የነርቭ መረብ ሙሉ ካርታ በእጃችን ብንይዝ፣ መረቡ የሚሠራውን አወቅን ማለት ነውን?

ጋንግሊዮኑ ሁለት ምቶችን ያመነጫል። የመጀመሪያው ፓይሎሪክ ምት ነው፤ በሴኮንድ አንድ ጊዜ ገደማ እየተመላለሰ የደቀቀውን ምግብ የሚያጣራውን የጨጓራ ክፍል ያንቀሳቅሳል። ሁለተኛው የጥርሶቹ ምት ነው፤ ዘገምተኛ ስለሆነ አንዱ ዙር በርካታ ሴኮንዶችን ይፈጃል። ጋንግሊዮኑን ከፊቱ ካሉት ቋጠሮዎች ጋር እንደተያያዘ ከእንስሳው አውጥተን በቀዝቃዛ የጨው ውኃ ውስጥ ብናስቀምጠው፣ ምግብም ጡንቻም በሌለበት ምቱ ለሰዓታት ይቀጥላል። ይህም ለተመራማሪዎች ታላቅ ዕድል ሆነላቸው። በየሴሉ ቀጭን የመስታወት ኤሌክትሮድ እያስገቡ የትኛው ሴል ከየትኛው ጋር እንደተያያዘ፣ የትኛውስ የትኛውን እንደሚገታ አንድ በአንድ ለዩ።

ካርታው ከተሳለ በኋላ ግን ያልተጠበቀ ነገር ታየ። ጋንግሊዮኑን ከፊቱ ካሉት ቋጠሮዎች ጋር የሚያገናኘው ነርቭ ሲዘጋ ምቱ ይዳከማል፤ አንዳንዴም ፈጽሞ ይቆማል። በጋንግሊዮኑ ውስጥ ካሉት ግንኙነቶች አንድም አልተቆረጠም። የጠፉት በዚያ ነርቭ በኩል ይመጡ የነበሩ ኬሚካሎች ናቸው። እነዚህ ኬሚካሎች ኒውሮሞጁሌተር ይባላሉ፤ እኔ ዛሬ ቃኚ ኬሚካሎች እላቸዋለሁ።

ስያሜውን የወሰድኩት ከክራር ነው። ክራር ደርዳሪው ክሮቹን ሳይለውጥ፣ ውጥረታቸውን ብቻ እያላላና እያጠበቀ፣ ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አምባሰል ይሸጋገራል። ቃኚ ኬሚካሎችም በተመሳሳይ መንገድ የሴሎቹን የአዮን መተላለፊያዎችና የሲናፕሶቹን ጥንካሬ ይለውጣሉ። ጋንግሊዮኑ የተቀመጠው በትልቅ የደም ሥር ውስጥ ስለሆነ፣ በነርቭ ከሚደርሱት በተጨማሪ በደም የሚመጡ ሆርሞኖችም ያለማቋረጥ ያጥቡታል።

ሁለት ምሳሌዎችን ላንሳ። ፕሮክቶሊን አምስት አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ፔፕታይድ ሲሆን፣ በመጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1975 ከበረሮ ነው። ደካማ ምት ባለው የሸርጣን ጋንግሊዮን ላይ ሲጨመር ምቱን ያፈጥነዋል፤ ያጠነክረዋልም። ምቱ አስቀድሞ ፈጣን ከሆነ ግን የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ስለዚህ «ፕሮክቶሊን ምን ያደርጋል?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ መልሱ መረቡ በዚያች ሰዓት ባለበት ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ነው። ሁለተኛው ምሳሌ ዶፓሚን ነው። በሎብስተር ጋንግሊዮን ውስጥ ምቱን የሚመራውን ሴል ያነቃቃል፤ ከዚሁ ሴል ጋር በኤሌክትሪክ የተያያዙትንና አብረውት የሚተኩሱትን ሴሎች ግን ይገታል። ኬሚካሉ አንድ ነው፤ ውጤቱ ግን በአጠገብ ለአጠገብ ሴሎች ላይ ተቃራኒ ነው።

የክራሩ ምሳሌ የሚያገለግለን እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ዲኪንሰን፣ ሜክሳስና ማርደር ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ፔፕታይድ ሲጨመር ቀድሞ ለየብቻ ይሠሩ የነበሩ ሁለት መረቦች ተዋሕደው አንድ አዲስ ምት እንደፈጠሩ አሳይተዋል። ክር ከአንዱ ክራር ወደ ሌላው አይሄድም፤ ነርቭ ሴል ግን ከአንዱ ምት ወደ ሌላው ይሻገራል። እንግዲህ የመረቡ ወሰን ራሱ በኬሚካል የሚወሰን ከሆነ፣ በካርታ ላይ ያሰመርነው ድንበር ጊዜያዊ ነው።

ነገሩ በሌላውም አቅጣጫ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ፕሪንዝ፣ ቡቸርና ማርደር የፓይሎሪክ መረብን የሚወክሉ ከ20 ሚሊዮን በላይ የኮምፒውተር ሞዴሎችን መረመሩ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩት፣ የአዮን መተላለፊያዎቻቸውና የሲናፕሶቻቸው መጠን እጅግ ቢለያይም፣ ከእውነተኛው ጋር የሚቀራረብ ምት አወጡ። አንድ መረብ ብዙ ሥራ ይሠራል፤ ብዙ ዓይነት መረቦችም አንድ ሥራ ይሠራሉ።

ይህ ለእኛ ምን ማለት ነው? አንደኛ፣ ካርታ አስፈላጊ ቢሆንም በራሱ አይበቃም። ሲ ኤሌጋንስ የተባለችው ትል 302 ነርቭ ሴሎች አሏት፤ የግንኙነታቸው ካርታ እ.ኤ.አ. በ1986 ታትሟል፤ ባሕርይዋን ከካርታው ብቻ ማንበብ ግን እስከ ዛሬ አልተቻለም። ሁለተኛ፣ አማካይን በጥንቃቄ እንያዝ። ጤናማ የሆኑ አሥር እንስሳትን ለክተን የምናገኘው አማካይ፣ ከአሥሩ አንዱንም የማይመስል፣ ምትም የማያወጣ መረብ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ዶፓሚንና ሴሮቶኒን በእኛም አንጎል ውስጥ አሉ፤ በርካታ የነርቭና የአእምሮ ሕክምና መድኃኒቶችም በእነርሱ በኩል ይሠራሉ። ሸርጣን ሰው አይደለም፤ ከጨጓራው ተነስተን ለሕሙማን መድኃኒት ማዘዝ አንችልም። ነገር ግን ውጫዊ ባሕርያቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ውስጣዊ ቅኝታቸው ሊለያይ እንደሚችል፣ ስለዚህም ለአንዱ የተስማማው መድኃኒት ሌላውን ሊረብሸው እንደሚችል እንድንጠረጥር ያስገድደናል። ሕክምና የምታጠኑ ተማሪዎች፣ «መድኃኒቱ ይሠራል ወይስ አይሠራም?» ከማለታችሁ በፊት «በማን ላይ? በምን ሁኔታ ላይ እያለ?» ብላችሁ እንድትጠይቁ አደራ እላለሁ።

ይህ ሁሉ ዕውቀት የተገኘው ከ30 ከማይበልጡ ሴሎች ነው፤ እነርሱንም ገና አውቀን አልጨረስናቸውም። በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሴሎችን የምናጠና ሁሉ ይህን ማስታወስ ይገባናል።