የፋብሪካ ጭስና አጠገቡ ያለው መንደር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ፋብሪካ ጭስና አቧራ ነው። ፋብሪካ ይዘጋ ልንል አልመጣንም። ያለ ሲሚንቶ ድልድይ የለም፤ ፋብሪካው ለስንቱ ልጅ እንጀራ ነው። ነገር ግን ከቤት አጠገብ ሲሆን አቧራው በቅጠሉ፣ በጣሪያው፣ በተሰጣው እህል ላይ ያርፋል። ይህ የሚታየው ነው። የሚብሰው የማይታየው ነው። ወፈር ያለውን ብናኝ አፍንጫ ይይዘዋል፤ ከዱቄት የላመው ግን እስከ ሳምባ ይዘልቃል። ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ይበልጥ ይጎዳል።

«ታዲያ ጭስ እንደሁ አይጨበጥ!» ትሉ ይሆናል። ይያዛል እንጂ! እናንተ ዱቄት በወንፊት ትነፉ የለ? በሲሚንቶ ፋብሪካም ከጥቅጥቅ ጨርቅ የተሠሩ ረጃጅም ከረጢቶች ይተከላሉ። አቧራ ያዘለው አየር በጨርቁ ሲያልፍ አቧራው ይቀራል፤ ተራግፎም ወደ ሥራው ይመለሳል። የሚበነው የራሱ የፋብሪካው ሀብት ነውና ባለፋብሪካውም ይጠቀማል። የተቀደደው ከረጢት ካልተለወጠ ግን ልፋቱ ከንቱ ነው። ጭስ ማውጫውን ማስረዘምማ የኛን ጭስ ለሚቀጥለው ቀበሌ መላክ ነው።

በጃፓን አገር ቶባታ የሚባል የፋብሪካ ሰፈር አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1950 ጀምሮ፣ ያጠቡት ልብስ ጥላሸት እየለበሰ ያስቸገራቸው ሴቶች በማኅበር ተሰበሰቡ። በ1960ዎቹ ደግሞ የሚወርደውን ጥላሸት ለኩ፤ ከትምህርት ቤት የቀሩትን ልጆች ቆጠሩ፤ ሁሉንም ጻፉት። በ1965 «ሰማያዊ ሰማይ እንፈልጋለን» የሚል ፊልም ሠሩ። የብዙዎቹ ባሎች የሚሠሩት እዚያው ፋብሪካ ነበርና መናገሩ ቀላል አልነበረም። በኋላ አስተዳደሩና ፋብሪካዎቹ ተዋዋሉ፤ ማጣሪያ ገባ፤ ሰማዩም ጠራ።

ሴቶቹ የያዙት መሣሪያ እርሳስና ወረቀት ነው። እሱ አሁን በእናንተም እጅ አለ። ፋብሪካ አጠገብ የምትኖሩ ደብተር ያዙ። ቀኑን ጻፉ። አውድማ ላይ ምርት ስታዝሩ እንደምታደርጉት፣ ነፋሱ ከወዴት እንደመጣ አስተውላችሁ ጻፉ። ጭሱ የበዛው በቀን ነው ወይስ በሌሊት? (ሰው ተኝቷል ብሎ ማጣሪያውን የሚያጠፋ አይታጣም።) ስንት ልጅ ሳለ? «አቧራ ፈጀን» ብሎ በቃል ከመጮህ፣ የሠላሳ ቀን ጽሑፍ ይዞ ቀበሌና ፋብሪካው በር መቅረብ ይሻላል። በቃል የተነገረውን «አልሰማንም» ማለት ይቻላል፤ የተጻፈውን ግን መካድ ያስቸግራል።

አሁን በሰሌዳው ላይ ባለ አራት ዓምድ ሰንጠረዥ እናሰምራለን። እርሳሳችሁን አውጡ፤ የዛሬውን ቀን በመጀመሪያው ዓምድ ጻፉ።