የጎረቤት ሐቅ በፎቅ ላይ



ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ ብዙ ሰው በቀበሌ ኪራይና በጋራ ሽንት ቤት የኖረበት የልደታው ጌጃ ሰፈር፣ ከ2001 ዓ.ም. በኋላ አብዛኛው ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ተሠርቶበታል። ሰሞኑን እዚያ ያሉ ቤተሰቦችን ዘየርን። ዛሬ ሽንት ቤቱም ወጥ ቤቱም የየራስ ነው፤ አልሐምዱሊላህ ያሰኛል።

አራተኛ ፎቅ ላይ ያገኘናቸው እናታችን ግን ጉልበታቸው ደረጃውን አልችል ብሎ፣ ከወረዱ ወር አልፏቸዋል። «ድሮ ደጃፌ ስቀመጥ አላፊ አግዳሚው ሰላም ይለኝ ነበር። አሁን ፊት ለፊቴ ማን እንዳለ እንኳ አላውቅም» አሉን።

አፈርን። መረቅ ጨምሮ ለጎረቤት ማካፈል ሱና መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሳህን ይዞ ደረጃ መውጣት ነው የከበደን።

ስንወጣ የፊት ለፊቱን በር አንኳኳን። አንዲት ወጣት እህት ከፈተች። «እኔ እኮ ባዶ ቤት መስሎኝ!» አለች። ጀበናዋ እሳት ላይ ነበር።