ምልክቱ ለምን ተቆረጠ?

አቅራቢ፦ ጋፋት የዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል መድፍ የተሠራባት መንደር ናት። ዛሬ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በስሟ ይጠራል። እዚያ ፕሮግራሚንግ ለሚማሩ ወጣቶች አንድ የሙያ ጉዳይ ይዘናል።

አቅራቢት፦ «መልእክት» የሚል በተን ጥግ ላይ ያልተነበቡትን የሚቆጥር ቀይ ክብ አስቀመጡ እንበል። ግማሹ ተቆርጦ ይታያል። ለምን?

አቅራቢ፦ ፕሮግራሙ በኪዩት (Qt) በተባለው የመስኮትና የበተን መሥሪያ የተሠራ ከሆነ፣ ልጅ፣ ማለትም በሌላ ክፍል ሥር ያለ ክፍል፣ ከወላጁ ክልል ውጪ አይሳልም። ክቡ የበተኑ ልጅ ስለሆነ ከጠርዙ ያለፈው ይቀራል።

አቅራቢት፦ በተኑን ማስፋትስ?

አቅራቢ፦ የጎረቤቶቹ አሰላለፍ ይበላሻል። የሚሻለው ወላጁን መቀየር ነው። ክቡ የዋናው መስኮት ልጅ ይሁን፤ ክፍሎችን በራሱ በሚደረድረው ሌይአውት ውስጥ አይግባ። የበተኑን ጥግ በመስኮቱ ልኬት አስልተው እዚያ ያስቀምጡት፤ ከዚያ ከሌሎቹ በላይ ያውጡት።

አቅራቢት፦ መስኮቱ ሲሰፋ ወይም ሲጠብ ምን ይደረጋል?

አቅራቢ፦ በተኑ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የክቡ ቦታ እንደገና ይሰላል። የማውስ ጠቅታንም እንዳይጋርድ ለበተኑ እንዲያሳልፍ ማዘዝ ያስፈልጋል።

አቅራቢት፦ ከመስኮቱም ውጪ መውጣት ካለበትስ?

አቅራቢ፦ እንደ ተዘርጊ የምርጫ ዝርዝር ራሱን የቻለ ትንሽ መስኮት ይሁን።

አቅራቢት፦ እኔ አንድ አደራ ልጨምር። የአማርኛ ጽሑፍ በጠባብ በተን ውስጥ ሲቆረጥ ግን ይህን ዘዴ አትጠቀሙ፤ ያኔ በተኑ ራሱ ይስፋ። ምልክት ከሳጥኑ ቢወጣ ያምራል፤ ጽሑፍ ግን ሙሉ ሆኖ መነበብ አለበት።