የጀመዓው ገንዘብና የኮሚቴው አማና
(በመስጊዳችን የመታሰቢያ ዝግጅት ላይ ከቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ለዚህ ቀን እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ መስጊዱ አሠራር ታሪክ ነበር። እሱን ከኔ የበለጠ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ከፊቴ ተቀምጠዋል። ስለዚህ አሥራ አንድ ዓመት በእጄ ስለቆየው ነገር፣ ስለ ገንዘቡ፣ ልናገር ብዬ ኮሚቴውን አስፈቅጃለሁ። የገንዘብ ያዥነቱን ቁልፍ ለተተኪዬ የማስረክበውም ዛሬ ነው።

ስለ ኮሚቴ ገንዘብ ሲወራ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚያስበው ሌባውን ነው። እኔ ባየሁት ልክ ግን የጀመዓን ገንዘብ ከሌባው ይልቅ የሚያበላሸው ደጉ ሰው ነው። ሌባን ሁላችንም እንጠብቀዋለን፤ ደጉን ማን ይጠብቀዋል? መዝገብ አምጣ አይባልም፤ ደረሰኝ ቢጎድልበትም «እሱማ የታመነ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ከራሴ ልጀምር። ሥራውን በያዝሁ በሁለተኛው ዓመት ለጣሪያ ቆርቆሮ የተሰበሰበ ገንዘብ በእጄ ነበር። አንድ ወንድማችን ባለቤቱ ታማ ሐኪም ቤት ተኝታበት ሌሊት በሬን አንኳኳ። ከቆርቆሮው ገንዘብ 3,000 ብር ቆጥሬ ሰጠሁት። በሁለት ወሩ ሳያጎድል መለሰ፤ አላህ ይስጠው። እኔም ኸይር ሠራሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ከረምሁ። በኋላ ነገሩን ለአንድ ሸኽ ሳጫውታቸው፣ «ልጄ፣ ከራስህ ኪስ ስንት ጨመርህበት?» አሉኝ። አንድ ብር አልጨመርሁም ነበር። ምስጋናው ለኔ፣ ገንዘቡ የሰው። በዚያ ሁለት ወር ዝናቡ ገብቶ የሴቶቹ ክፍል ያፈስ ነበር። ለቆርቆሮ ብለው ከመቀነታቸው ፈትተው የሰጡ እናቶች እርጥብ ምንጣፍ ላይ ሰግደዋል። ማንንም አላስፈቀድሁም፤ የትም አልጻፍሁም። አጀሌ በዚያ መሐል ቢደርስ ኖሮ ያ ብድር ማን ዘንድ እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም።

ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) በኸይበር መሬት ደረሳቸው። ከዚያ በፊት እንዲያ ያለ ውድ ንብረት አግኝተው አያውቁም ነበርና ምን ላድርገው ብለው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) አማከሩ። ዋናውን ይዘው ፍሬውን ሰደቃ እንዲያደርጉ ተመከሩ። መሬቱ እንዳይሸጥ፣ በስጦታ እንዳያልፍ፣ እንዳይወረስ ሆነ፤ ፍሬው ለድሆች፣ ለዘመዶች፣ ባሮችን ነፃ ለማውጣት፣ በአላህ መንገድ ላይ፣ ለመንገደኛና ለእንግዳ ተመደበ። የሚያስተዳድረው ሰው በልማድ የታወቀውን ያህል ቢበላ፣ ሀብት ሳያካብትበትም ወዳጁን ቢያበላ ኃጢአት እንደሌለበት ተደንግጓል። እዚህ ላይ «ታዲያ አንተስ ወዳጅህን ብትረዳ ምን ነበረበት?» የሚለኝ ይኖራል። የኸይበሩን የፈቀዱት ባለንብረቱ ራሳቸው ናቸው። ለኔ ማን ፈቀደልኝ? ፉቀሃዎች የሰጪውን ሸርጥ ይህን ያህል የሚያከብሩት ለዚህ ነው።

እኔን ዘወትር የሚገርመኝ ግን ሌላው ነገር ነው። ዑመርን የሚያህል ሰው «ቃሌ ይበቃል» አላሉም። በአቡ ዳውድ ዘገባ የወቅፉ ሰነድ ተጽፏል፤ የጻፈው ሙዐይቂብ፣ የመሰከረው ዐብዱላህ ኢብኑል አርቀም ነው። ከሳቸው በኋላ ማን እንደሚይዘውም ሠፍሯል፤ በሕይወት እስካሉ ልጃቸው የሙእሚኖች እናት ሐፍሳ (ረ.ዐ.)፣ ከዚያም ከቤተሰቡ አስተዋይ የሆነው ሰው።

የኛን ነገር እዩት። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶችን የወረሰው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ መስጊዳችንም ሁለት የኪራይ ቤቶቹን አጣ። ከዓመታት በኋላ ቤቶቹን ማን እንደሰጠ፣ ኪራዩም ለየቲሞች ይሁን ለመብራት ጋዝ ለማወቅ ስንጠይቅ አንድ ወረቀት አላገኘንም። የሚያውቁት አባቶች ሞተው ነበር። መንግሥት የወሰደው ቤቱን ነው፤ የሰጪዎቹን ስምና ኒያ የጣልነው እኛ ነን።

ስለ ስጦታም አንድ ነገር ልበል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘካ እንዲሰበስብ የላኩት ኢብኑ ሉትቢያ ሲመለስ ይህ የናንተ ነው፣ ይህ ደግሞ ለኔ የተሰጠኝ ነው አለ። እሳቸውም ተቆጥተው፣ ይህ ሰው በአባቱና በእናቱ ቤት ቢቀመጥ ስጦታው ይመጣለት እንደነበር ጠየቁ። የኛን አጥር የሠራው ተቋራጭ ለአረፋ አንድ ሙክት ይዞልኝ መጣ። እናቴ ቤት ብቀመጥ ኖሮ ያ ሙክት እንደማይመጣ አውቄዋለሁ። መለስሁት፤ ልጆቼ ግን አልቅሰዋል፣ ዛሬም ያነሱብኛል።

የዘካው ነገር ግልጽ ስለሆነ አላስረዝመውም። በሱረቱ ተውባ 60ኛው አያ ስምንት ተቀባዮች ተዘርዝረዋል፤ አብዛኞቹ ዑለማእም ለመስጊድ ግንባታ አይውልም ብለዋል። ስለዚህ ዘካው የራሱ ሣጥንና የራሱ መዝገብ አለው፤ ሲሚንቶ ቢያልቅም አይነካም።

ከአጥሩ ውጭ ያለውን ቧንቧ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያስገቡት አንዲት እናት ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። የውሃው ሂሳብ በከበደ ጊዜ ቧንቧው ቁልፍ ይደረግበት፣ ለሰጋጅ ብቻ ይከፈት የሚል ሐሳብ በኮሚቴው ቀረበ። እኔም እጄን ላወጣ ነበር። አንድ አዛውንት የስጦታው ቃል ይነበብልኝ አሉ። መዝገቡ ላይ «ለተጠማ ሁሉ» ይላል። ሰጋጅ አይልም፤ ሙስሊምም አይልም። ማለዳ ጀሪካኑን ደርድሮ የሚጠብቀው የክርስቲያን ጎረቤታችን ልጅ በሴትየዋ ቃል ውስጥ አለበት፤ እሱን ለማስወጣት ኮሚቴ ሥልጣን የለውም። ጉዳዩን ለጀመዓው ነገርን፤ የሂሳቡንም ልዩነት የሴትየዋ ልጆች ሸፈኑት። ቁልፉ ቀረ።

አሁን ወደ ርክክቡ ልግባ። ሱረቱ ኒሳእ በ6ኛው አያ የየቲም ገንዘብ ለባለቤቱ ሲመለስ ምስክር እንዲቆምበት ያዛል፤ ሰይዲና ዑመርም ራሳቸውን በሕዝብ ገንዘብ ላይ እንደ የቲም አሳዳጊ ይቆጥሩ ነበር። እኔም ምስክር ያደረግሁት እናንተን ነው። አራት መዝገብ አስረክባለሁ። በሦስተኛው ውስጥ ደረሰኝ ያጣሁለት 1,240 ብር ወጪ አለ። ለመብራት ጥገና መውጣቱን አስታውሳለሁ፤ የኔ ማስታወስ ግን ማስረጃ ስላልሆነ ከራሴ ተክቻለሁ።

መዝገቦቹ ሳምንቱን ሙሉ ከዐስር እስከ መግሪብ በመድረሳው ጠረጴዛ ላይ ይቆያሉ። ደረሰኝ ያለው ሰው ይዞ መጥቶ ያመሳክር፤ ያልተስማማበትንም በአዲሱ ገንዘብ ያዥ ፊት ያስጽፍ። የቆርቆሮው ብድር ያለበትን ገጽ በቀይ አስምሬበታለሁ።